ቀይ ክር ያለባት ብርጭቆ

«ቀይ ክር ያለባትን ብርጭቆ ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቅያት፤ እሷ ለብቻዋ ነው የምትታጠበው» አለች ጉልሰረን። የምትናገረው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለድግሱ ልታግዛት ለመጣችው ጎረቤቷ ለሲዲቃ ነው። የሲዲቃ ጥያቄ በቧንቧው ድምፅ ተዋጠ፤ መልሱ ግን ኮሪደሩ ድረስ ጥርት ብሎ መጣ። «የባሌ እህት ናታ፣ የማን ልትሆን ኖሯል! አፏን አላየሽውም እንዴ? ዛሬ እንግዶቹ ፊት አትወጣም። አሟት ተኝታለች እንላለን። ደግሞስ መቼ ውሸት ሆነ?» የባሏ እህት ሙአዘዝ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አፏን በጨው ውሃ ሞልታ እየተጉመጠመጠች ስለነበር መልስ ልስጥ ብትልም አትችልም። ውሃውን መትፋት አለባት፤ መትፊያው ደግሞ ያለው እዚያው ጉልሰረን የቆመችበት ነው። ያንን የሚለበልብ ውሃ እንደያዘች ንግግሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ በመስኮት ተፋችው።

ብርጭቆዋ እንደማንኛውም የአንቴፕ ከተማ የሻይ ብርጭቆ ወገቧ ቀጠን ያለ ነው፤ ክሩ የታሰረው እዚያ ቀጭኑ ቦታ ላይ ነው። ክሩም ከሌላ አልመጣም፤ ከሙአዘዝ ከራሷ የስፌት ቅርጫት የተወሰደ ነው። ሙአዘዝ የብርድ ልብስ ሰፊ ናት። በዚህ ሰፈር ልጇን የዳረች እናት ሁሉ ለሙሽሮቹ አልጋ የሚሆነውን፣ ጥጥ ተሞልቶ በሳቲን የሚለበጠውን ብርድ ልብስ በእሷ እጅ አሰፍታለች። በሽታዋ የታወቀ ጊዜ ሐኪም ቤት ይዘዋት የሄዱት ወንድሟ ቬዳትና ሚስቱ ጉልሰረን ናቸው። ሐኪሙ ክንዷን በመርፌ ወጋ አድርጎ ሸኛቸውና ተመልሰው ሲመጡ የተወጋው ቦታ ቀልቶ መግል ቋጥሮ አገኘው፤ ምልክቱ ይኸው ነው አለ። በሽታው ቤህቼት እንደሚባል፣ የአፍ ቁስሉ እየዳነ እየተመለሰ ዕድሜ ልኳን እንደሚከተላት፣ ዓይኗንም በየጊዜው መታየት እንዳለባት ነገራቸው። «አንዳንዴ በዘር ይመጣል እንጂ በብርጭቆ አይሄድም» ያለውን በተለይ ወደ ጉልሰረን ዞሮ ነው የተናገረው። ጉልሰረንም «ገብቶኛል ዶክተር» አለች። ቤት እንደገቡ ክሩን አሰረችው። ቬዳት አይቶ እንዳላየ ዝም አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉልሰረን ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ «እትዬ ሙአዘዝ፣ ሻይዎ ይኸው» እያለች ያችኑ ብርጭቆ ታቀርብላታለች። ስድብን በ«እርስዎ» አሽጎ መስጠት እንዲህ ነው።

ዛሬ አፏ ውስጥ ሦስት ቁስል አለ፤ አንዱ ከምላሷ ሥር፣ አንዱ የታችኛው ከንፈሯ ውስጥ፣ ሦስተኛውና ክፉው ጉንጯ ላይ፣ ጥርስ በሚነካው በኩል። ምላሷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ቀኝ እጇን ጨብጣ የጣቷን አንጓ ከጉንጯ አጥንት ሥር ትጫነዋለች። ሥቃዩን ባያስቆምም የሆነ ነገር የያዘች ይመስላታል። እንዲህ ያለ አፍ ይዞ አንቴፕ ውስጥ መኖር ደግሞ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። በመስከረም ከየጣሪያው ላይ የተሰጣው ቃሪያ፣ በየደጁ የሚፈጨው ድልህ፣ ያለ በርበሬ እንቁላል እንኳ የማይጠብስ ሕዝብ! የእሷ ምግብ የቀዘቀዘ የእርጎ ሾርባና በወተት የራሰ ዳቦ ነው፤ የምትጠጣውን በስትሮው ትስባለች። ክረምት ከበጋ የሚያዘልቃት ከጓሮው ዛፍ ላይ ለቅማ የምታፈላው የጥቁር እንጆሪ ሽሮፕ ነው፤ ማንኪያ ሙሉ አፏ ውስጥ ይዛ ጣሪያ ጣሪያ እያየች ትቆያለች። እሱም ቢሆን ሰሞኑን ከጠርሙሱ ይጎድላል። ማን እንደሚወስደው ለመገመት ጠንቋይ አላስፈለጋትም። ከብርጭቆዬ የምትሸሽ ሴት ሽሮፔን ግን አትጸየፍም፣ ብላ ቆሽቷ አርሯል። የሚገርመው ምላሷ ታስሮ በምትውልበት ቀን ነው የሚያምሩ መልሶች ሁሉ የሚመጡላት። ብርድ ልብስ ስትሰፋ በየስፌቱ አንድ ስድብ ታስገባለች። የሰፈሩ ሙሽሮች ባያውቁትም ተሸፍነው የሚተኙት በጉልሰረን እርግማን ነው።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ዛሬ የወንድሟ ልጅ የነስሊሃን ቃል መተሳሰሪያ ነው። ከሰዓት በኋላ የልጁ ቤተሰቦች ይመጣሉ፣ ቀለበት ይደረጋል፣ ሸርበት የሚባለው ጣፋጭ መጠጥ ይጠጣል። በሙአዘዝ አባት ቤት ሸርበት ሲጠጣ ደንብ አለው። ቀረፋና ቅርንፉድ ተፈልቶበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት በአንድ የመዳብ ዋንጫ ይቀርባል፤ መጀመሪያ የሚጎነጨው የሴቷ ቤት ታላቅ ሴት ነው። ከእሷ ወደ ልጅቷ እናት፣ ከእናትየው ወደ ልጁ እናት፣ በመጨረሻ ወደ ሁለቱ ይዞራል። ከአንድ ዋንጫ የጠጣ በአንድ ቤት ክፉ አይነጋገርም ነው ነገሩ። ዋንጫው የሙአዘዝ እናት ነበር፤ አሁን የቤቱ ታላቅ ሴት ሙአዘዝ ናት። ጉልሰረን ትናንት ዋንጫውን ከቁም ሳጥን አውጥታ በአመድ ስትፈትግ «እኔው ጀምረዋለሁ፣ እርስዎ አይድከሙ» ብላታለች። ያኔ ለጤናዋ አስባ መስሏት ነበር፤ ሞኝ! ለካ ዛሬ ጓዳ ዘግታ ልትደብቃት ነው። በእናቷ ዋንጫ፣ በእናቷ ሳሎን፣ የወንድሟ ልጅ በምትታጭበት ቀን! ሙአዘዝ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የዚህችን ሴት ፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በሰው ፊት ሲቀላ ማየት ተመኘች። ከዚያ በኋላ ብሞትም ግዴለኝ አለች በሆዷ።

ነስሊሃን ወደ ቀትር ገደማ አዲሱን ልብሷን ለብሳ ምሳ ይዛላት ገባች። ሾርባውን ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የልብሷ ጫፍ ተተርትሯልና እንድታያይዝላት ጠየቀቻት። ሙአዘዝ ከሽርጧ ኪስ የማይለየውን መቀሷንና ክሯን አወጣች። መቀሱ ከኪሷ የሚወጣው ለሥራና ለመኝታ ብቻ ነው ይባላል። ልጅቷ እጇን ከፍ ስታደርግ ሙአዘዝ የእጇን ጀርባ አየችው። ከትናንት ወዲያ የራሷን የሙሽርነት ብርድ ልብስ ጠርዝ አብረው ሲሰፉ ነስሊሃን በመርፌ ተወግታ ሁለቱም ስቀውባታል። አሁን የተወጋው ቦታ ቀልቶ ጫፉ ላይ ነጭ መግል ቋጥሯል። ሙአዘዝ እጇን ይዛ አገላበጠችው። ከዚያ የምሳው ትሪ ላይ ካለው ሎኩም ከሚባል ጣፋጭ አንዱን አንስታ ወደ ልጅቷ አፍ ዘረጋች። ነስሊሃን ጠገብኩ አለች፤ ስትናገር የታችኛው ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

«አፍሽን ክፈቺ» አለች ሙአዘዝ።

«አክስቴ፣ ተይ በናትሽ።»

«ክፈቺ ብያለሁ።»

ሁለት ነበሩ፤ ዙሪያቸው ቀይ፣ መሐላቸው ነጭ። ሙአዘዝ የገዛ አፏን በመስተዋት ያየች ያህል አወቀቻቸው። ነስሊሃን እያለቀሰች ተናገረች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይመጣል ይሄዳል። እጮኛዋ ኦርሁን ያውቃል፤ ነግራዋለች፣ አብሬሽ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ብሏታል፤ አይስክሬም ሲገዛላትም እንዲሟሟ ጠብቆ ነው የሚሰጣት። የእንጆሪ ሽሮፑንም ስትወስድ የኖረችው እሷ ናት፤ አውፍ በይኝ አለች። እናቷ ግን አታውቅም። ሙአዘዝ ለምን ለእናቷ እንዳልነገረቻት ጠየቀቻት። ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኗ ከሾርባው ጋር ወደመጣችው ቀይ ክር ወዳለባት ብርጭቆ ሄደ። «ለእኔም እንዳታስርብኝ ፈርቼ ነዋ» አለች።

ሙአዘዝ ልጅቷን አቀፈቻት፣ ፊቷን ጠረገችላት፣ ነገ ጠዋት እሷው ራሷ ይዛት ሐኪም ዘንድ እንደምትሄድ ማለችላት። ልጅቷ ግን ከወጣች በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የመጣላት ርኅራኄ አልነበረም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ፈጣሪዋን ይቅርታ እየጠየቀች ደስ አላት። ይኸው በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትጣል ሴት! እንግዶቹ ተሰብስበው፣ ሎኩሙ ዞሮ፣ ጉልሰረን አንገቷን አቅንታ በተቀመጠችበት «የልጅሽስ ብርጭቆ የቱ ነው?» ቢሏት ያልቅላታል። ሙአዘዝ ዓረፍተ ነገሩን በሆዷ ደጋግማ ቀመሰችው። ያመማትን ቦታ ሳይነካ የሚወጣበትን መንገድ እንኳ አጠናች። ከዚያ የነስሊሃን ከንፈር እየታወሳት ጣፋጩ አፏ ላይ ይጎመዝዝባት ጀመር። ልጅቷ ምን በደለች? እሷን ረግጦ እናቷን መምታት የጉልሰረን ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም ብላ ዓረፍተ ነገሩን ዋጠችው። ዋጠችው እንጂ አልጣለችውም። ከሣጥኗ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ቀሚሷን አወጣች።

እንግዶቹ ሲመጡ በሙአዘዝ ክፍል በር ቀዳዳ ሳሎኑ ይሰማል። ጫማ ይወልቃል፣ ሶፋው ሲጢጥ ይላል፣ «እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ይባላል። ወንዶቹ ስለ ፒስታቾ ዋጋ ጀመሩ። ዘንድሮ ዛፉ እረፍት ያደረገበት ዓመት ስለሆነ ኪሎው የማይቀመስ ሆኗል፣ ባቅላቫ ቤቶቹ በአተር እያጭበረበሩ ነው አሉ። ሴቶቹ የወርቅን ዋጋ አነሱ። የልጁ እናት እትዬ ሁርሺዴ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው፣ ወርቅ በየጠዋቱ ስለሚጨምር ባለሱቁን ሌሊት ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ ምንም እንዳልቀራቸው ተናግረው ቤቱን አሳቁት። ቀጥለውም፣ እኔን የዳሩኝ ጊዜ ብርድ ልብሴን የሰፋችልኝ ሙአዘዝ የት አለች፣ አሉ። ጉልሰረን እትዬ ሙአዘዝ አሟቸው መተኛታቸውን፣ በጣም እንዳዘኑም አስረዳች። ቬዳት ጉሮሮውን ጠራረገ፤ እንደ ልማዱ ከዚያ የዘለለ ነገር አልወጣውም። «አይ፣ ምን ይደረጋል። በሉ ሸርበቱ ይምጣ» አሉ ሁርሺዴ፤ ሲዲቃም ዋንጫውን በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች።

ሙአዘዝ የክፍሏን በር ከፍታ ትሪውን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ዋንጫውን ብድግ አድርጋ በሁለት እጇ እንደያዘች ሳሎን ገባች። ሁርሺዴ «ይቺውና! አልቀረችም!» ብለው ተነሡ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። የጉልሰረን እጅ ትሪ ሊቀበል እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀረ። ሙአዘዝ መሐል ላይ ቆመች። በአፏ ብዙ ቃል ስለማይወጣ አሳጠረችው። «የእናቴ ዋንጫ ነው፤ የጥል ቃል አታሰማን» አለችና ጠጣች። ሎሚው መጀመሪያ ከንፈሯን፣ ቀጥሎ የምላሷን ሥር፣ በመጨረሻም ጉንጯን አገኘ። እሳት ነው የጎረሰችው። ዓይኗ ውስጥ ያለው ሳሎን በሙሉ ነጣ። ግን ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት አልተነቃነቀችም፤ እጇም ወደ ጉንጯ አልሄደም። እንዲያውም ደግማ ተጎነጨች፤ ስስት ይዟት ሳይሆን ጉልሰረን በደንብ እንድታይ ነው። ከዚያ ዋንጫውን፣ ከንፈሯ ያረፈበትን ጠርዝ ወደ ወንድሟ ሚስት አዙራ ዘረጋችላት።

ጉልሰረን ተቀበለች። ሌላ ምን ታደርጋለች? አሥራ ምናምን ሰው ያያታል። ዋንጫውን ልታዞረው ሞከረች፤ ሙአዘዝ ግን ገና አልለቀቀችውም። በመጨረሻ አፏን ጠርዙ ላይ አድርጋ ዋንጫውን ዘንበል አድርጋ፣ ጉሮሮዋንም እንደ መዋጥ አደረገችና መለሰችው። ከንፈሯ አልተከፈተም ነበር። ሙአዘዝ ወደ ዋንጫው ውስጥ ጎንበስ ብላ አየች።

«አልጎደለምሳ ጉልሰረን» አለች ለስለስ ብላ። «በእናቴ ቤት ሸርበት ይዋጣል እንጂ አይሳምም።»

ሁርሺዴ ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ። ቬዳት ብቻ ምንጣፉን ያያል። የጉልሰረን ፊት ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ላይ ቀላ፤ ሙአዘዝ ያንን ቅላት ስንት ዓመት እንደጠበቀችው ስለምታውቅ ዓይኗን አልነቀለችም። ጉልሰረን ዓይኗን ጨፍና ጠጣች፤ ስትውጥ ድምፁ ተሰማ። አሁንም ደገመች፤ ማንም ሳይላት። ሁርሺዴ ተቀብለው ጭልጥ ሊያደርጉት ሲሉ ለልጆቹ ይቅር ተብለው ተዉላቸው።

ዋንጫው ነስሊሃን ዘንድ ደረሰ። ልጅቷ ቀስ ብላ ተጎነጨች። ሎሚው እሷንም አልማራትም፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፣ ቀኝ እጇም ሳታዘው ተነሥቶ፣ ተጨብጦ፣ የጣቷ አንጓ ከጉንጯ አጥንት ሥር ተጫነ። ኦርሁን ፈጥኖ ዋንጫውን ከእጇ ወሰደና የቀረውን ለብቻው ጨረሰው። ሌላው ሰው ሙሽራዪቱ በደስታ አለቀሰች ብሎ አሰበ። ጉልሰረን ግን ያንን እጅ ታውቀዋለች። በዚህ ቤት ማእድ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ስታየው የኖረችው እጅ ነው። ክው አለች። ቀስ ብላ ዞራ ሙአዘዝን አየቻት፤ ዓይኗ እንዲህ ሲለምን ሙአዘዝ አይታው አታውቅም።

«ምን ሆነች ልጄ? ምን አስለቀሳት?» አሉ ሁርሺዴ። ያ ዓረፍተ ነገር፣ ቀትር ላይ የዋጠችው፣ ሙአዘዝ ምላሷ ላይ ተመልሶ መጣ። ቸኩላ አልመለሰችም። ጉልሰረንን እያየች ዝም አለች፤ ዝምታው እየረዘመ ሄደ፤ የጉልሰረን እጅ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዶ ያዘ። ይቺ ሴት ሌላው በማይጠጣበት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ትንሽ ትቅመሰው።

«እናትየው ሎሚ አብዝታበት ነው» አለች ሙአዘዝ በመጨረሻ። «ሸርበት አትችልበትም። እኔ ባለሁበት ቤት እሷን ማን አፍዪ አላት?» ሁርሺዴ እውነት ነው፣ እሳቸውም ጥርሳቸውን እንደበላቸው መሰከሩ፤ ለሠርጉ ሸርበቱን ሙአዘዝ እንድታፈላው እዚያው ተወሰነ። ጉልሰረን «አዎ፣ በዝቶብኛል» አለች። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም ነበር።

እንግዶቹ ከመግሪብ ሶላት በፊት ተነሡ። ቬዳትና ነስሊሃን ሊሸኟቸው ወረዱ፤ ሲዲቃም ወደ ቤቷ ሄደች። ጉልሰረን ወጥ ቤት ውስጥ በታጠቡት ብርጭቆዎች መሐል ቆማለች፤ ሙአዘዝ ሽርጧን በቀሚሷ ላይ አስራ፣ የራሷን ብርጭቆ ይዛ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከኪሷ ቀዩን ክር አወጣች፤ ከተደረደሩት መሐል አንድ ንጹሕ ብርጭቆ አንስታ ወገቡ ላይ ክሩን ጠመጠመችና በጥርሷ በጠሰችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ወደ ጉልሰረን ገፋቻቸው።

«ይቺኛዋ የነስሊሃን ናት። ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቅያት።»

ጉልሰረን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ከእርስዎ ነው የያዛት?» አለች፤ ይህንን ስትል ግን የራሷም ቃል ያላሳመናት ትመስላለች።

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?»

«በብርጭቆ አይሄድም ብሏል።»

«ገብቶሽ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር» አለች ጉልሰረን። እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሙአዘዝ፣ ታዲያ ለምን አሰርሽው፣ ብላ አልጠየቀችም፤ መልስ ቢኖረውም አያስፈልጋትም። ጉልሰረን የልጇን ብርጭቆ አነሣች፤ ቋጠሮው ገና አዲስ ስለነበር በጥፍሯ ሳብ ስታደርገው ተፈታ። ክሩን ጨምድዳ ወደ ቆሻሻው ወረወረችው። ብርጭቆዋን በልብሷ ጠርጋ ከሌሎቹ መሐል መለሰቻት።

«የእኔንም» አለች ሙአዘዝ።

ያኛው ግን የዋዛ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት በውሃ እየራሰ፣ እየደረቀ፣ እየጠበቀ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ጉልሰረን በጥፍሯ ቆፈረችው፤ ጥፍሯ ተሰበረ። ቢላ ፈለገች፤ ቢላዎቹ ሁሉ ሳሎን ከባቅላቫው ጋር ቀርተዋል፤ ልትነሣ ስትል የሙአዘዝ ዓይን መልሶ አስቀመጣት። ደረጃው ላይ የነስሊሃንና የአባቷ ኮቴ ተሰማ። ጉልሰረን ብርጭቆዋን ወደ አፏ አነሣች፣ ከንፈሯን በብርጭቆዋ ወገብ ላይ አድርጋ ቋጠሮውን በጥርሷ ያዘችና ታኝከው ጀመር። ሙአዘዝ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ መቀሷን እንደጨበጠች ቁጭ ብላ አየቻት።